ሊቀ ቅደም ተከተል ዕንባቆም

«ይሄ ሳያልቅ ያ አይጀመርም» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በዚህ አገር የለም። አለ ከተባለም ገና ያልተከፈተ ነው፤ ያልተከፈተውም እንዲህ ያለ ሰው ውስጡ ተቀምጦ «መጀመሪያ ቁልፉ ይሞከር» እያለ ስለሆነ ነው። ታውቁታላችሁ። ሠራተኛው ሁሉ ለቅሶ ለመድረስ ባጃጅ ላይ ተጠቅጥቆ ሳለ፣ እሱ ከታች ቆሞ «ቀብሩ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም? እሱ ሳይታወቅ ወደ ቤት ነው የምንሄደው ወይስ ወደ ቤተ ክርስቲያን?» ብሎ የሚጠይቀው ነው። ሰው በሆዱ ይረግመዋል። ባጃጁ ቤት ደርሶ ለቀስተኛው ሁሉ ገና ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ አብልጦ ይረግመዋል። ልክ የሆነ ሰው መቼ ይወደዳል!

ጎንደር እንዲህ ያለ ሰው አጥታ አታውቅም። ከሁሉም ግን ማዕረጉ ሙሉ በሙሉ የሚገባው አንድ ሰው ነው፤ እሱም የአንድ ዓይን ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣ ክቡር ሊቀ ቅደም ተከተል አቶ ዕንባቆም።

ማዕረጉን የሰጠችው ማስተዋል ናት። ማስተዋል በዚያው ሆስፒታል የቀጠሮ ክፍል ነርስ ስትሆን፣ ከጃናሞራ እስከ ደምቢያ ዓይኑን ሞራ የጋረደው ሰው ሁሉ ተራ የሚይዘው እሷ ዘንድ ነው። ደግ ሴት ናት፤ ብቻ ስም ማውጣት ትወዳለች። ለዳይሬክተሩም ሳይቀር አውጥታላቸዋለች፤ እሱን ግን እዚህ መጻፉ ጥሩ አይደለም።

ዕንባቆም ያደገው በካህናት ቤት ነው። አባቱ መሪጌታ፣ አጎቶቹ ቀሳውስት ናቸው። ኪዳን ሳይደርስ ቅዳሴ እንደማይገባ ያወቀው ፊደል ሳይለይ ነው። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ተማረና ድቁናውን ተወው፤ ሥርዓቱን ግን ይዞት መጣ። ማስተዋልን በዕድሜ ብዙም ባይርቃትም «እርስዎ» ነው የሚላት። ለጥበቃውም «እርስዎ» ይላል። ለኮምፒውተሩ ምን እንደሚለው የሰማ የለም፣ ግን መቼም «አንተ» አይለውም።

አንድ ቀን ማስተዋል ደስ ብሏት «ና ሻይ ልጋብዝህ» አለችው።

«ምሳ በልተዋል?» አላት።

«አልበላሁም።»

«ታዲያ ሻዩ ምን ላይ ሊያርፍ ነው?»

ሻዩም ቀረ፣ ደስታዋም ቀረ።

የካርድ ክፍሏ ሄለን ስታገባ የሰርጉን ሥነ ሥርዓት እሱ ይምራው ተባለ። ማን እንደመከራት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ዕንባቆም ሁሉን ነገር በየቦታው አሰረው። ኬኩ የሚቆረሰው ፎቶ ከተነሱ በኋላ ነው። ፎቶው የሚነሳው የሙሽራዋ አጎት ሲደርሱ ነው። አጎትየው ደግሞ ከቆላ ድባ በመምጣት ላይ ሳሉ መኪናቸው ተበላሽታ መንገድ ላይ ቆማለች። ዘፋኙ ዘፈኑን ጨረሰ፣ ደገመ። ሕፃናት ተኙ። ሙሽራዋ ኬኩን ታያለች፣ ኬኩም እሷን ያያል። በመጨረሻ አጎትየው ዘይት በዘይት ሆነው ሲገቡ «ምነው፣ እስካሁን አልበላችሁም እንዴ?» አሉ። ሄለን ለወራት ያህል ዕንባቆምን ሰላም አላለችውም።

በዚህ ላይ ምሳ ከሰው ጋር አይበላም። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ተጠራርቶ ሲወጣ እሱ ቢሮውን ዘግቶ ይቀራል። ሰው ሲያማው «ስስታም ነው» አለ፤ «የሚበላውን እንዳያዩበት ነው» ያለም ነበረ። ማስተዋል «የለም፣ የትኛው ጉርሻ ቀዳሚ እንደሆነ እያጣራ ነው» ብላ ሻይ ቤቱን በሳቅ ገደለችው።

ይሁንና የሆስፒታሉ ሥራ እንዲህ ያለ ሰው ይፈልግ እንደነበር እሷም አትክድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ሰው ሳይነካቸው ኮምፒውተሩ በራሱ የሚሠራቸው ሥራዎች አሉ፤ እነሱ «ጆብ» ይሏቸዋል። አንዱ የቀኑን መዝገብ ይዘጋል፣ አንዱ የአልጋ ድልድል ያወጣል፣ አንዱ የኦፕራሲዮን ተራ ይሠራል፣ አንዱ መድኃኒት ይጠይቃል፣ የመጨረሻው ለበሽተኞች በስልካቸው «ተራዎ ደርሷል፣ ይምጡ» የሚል መልእክት ይልካል። ድሮ ሁሉም የሚነሱት በሰዓት ነበር። ሰዓቱ ከደረሰ የፊተኛው አለቀ አላለቀ ደንታ የላቸውም፤ ብድግ ብለው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ መብራት ጠፋና የተራው ሥራ ተቋርጦ ቀረ። የመልእክቱ ሥራ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ተነሳና፣ አዲስ ተራ ቢያጣ የድሮውን አንስቶ ላከው። በማግስቱ ዓይናቸውን ተሠርተው የዳኑ ሰዎች ሁሉ ግቢውን ሞሉት። ከነሱ አንዱ አያ ዳኛው ከድብ ባሕር ድረስ መጥተው ማስተዋል ፊት ቆሙና፣ «ልጄ፣ ሁለቱንም ሠርታችሁልኛል፣ ሸጋ አድርጌ አያለሁ። ሦስተኛ ዓይን ካገኛችሁልኝ ግን እነሆ መጥቻለሁ» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ነው ዳይሬክተሩ ነገሩን ለዕንባቆም የለቀቁለት። እሱም ሰዓቱን ሁሉ ነቅሎ ጥሎ ሥራዎቹን እርስ በርስ አያያዛቸው። መዝገቡ ተዘግቶ ካላለቀ የአልጋው አይነሳም። ድልድሉ ሁሉ ካላለቀ መድኃኒት አይጠየቅም። መድኃኒቱ ካልታወቀ መልእክት አይላክም። ለያንዳንዱ ሥራ «ቀዳሚው ማነው?» እያለ በየክፍሉ ዞሮ ጠየቀ፤ ሰዎች እሱን ከሩቅ ሲያዩ ሽንት ቤት መግባት ጀመሩ።

«ቀዳሚው ባያልቅስ?» ብላ ጠይቃው ነበር ማስተዋል።

«ተከታዩ ይጠብቃል።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልቅ።»

«እኔስ?»

«እርስዎም ይጠብቃሉ» አላት ረጋ ብሎ።

ሊቀ ቅደም ተከተል ያለችው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ማስተዋል አባት አላት፤ የኔታ ወልደኢየሱስ ይባላሉ። ጃናሞራ ውስጥ መካነ ብርሃን ላይ ዜማ የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው። አንዱ ዓይናቸው በሞራ ጠፍቷል፤ ሁለተኛው በመሄድ ላይ ነው። መጽሐፉን ይከፍታሉ፣ በጣታቸው ይዳስሱታል፣ ከዚያ ከልባቸው ያዜማሉ። ማስተዋል ያን ጣት ባየች ቁጥር ሐኪም ቤት እንዲመጡ ስንት ዓመት ለመነቻቸው! በመጨረሻ እሺ አሉ፤ እሺ ያሉት ግን በአንድ ነገር ነው።

«ልጁ ነርስ ስለሆነች ሰው ዘሎ ገባ ከምባል ሞራዬን ይዤ መቃብር ብወርድ ይሻለኛል» አሏት። «ስሜ ከሰው ጋር በተራው ከተጠራ እመጣለሁ። ካልተጠራሁ አልመጣም። አንቺም ከተራዬ እንዳትነቀንቂኝ። በማርያም!»

ማርያም ከተጠራች አለቀ። ስማቸውን ከሰው ኋላ በተራቸው አስገባች። እውነቱን ለመናገር እጇ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ሊያደርጋቸው ቃጥቶት ነበር፤ ማንም አያይም፣ ማንም አይጠይቅም። አላደረገችውም። ግን እቤቷ ገብታ ራሷን «ምን ዓይነት ልጅ ነሽ?» እያለች ስትወቅስ ከረመች።

በዚህ ላይ እንግዳ ሐኪሞች ከሌላ ከተማ መጥተው ለአንድ ሳምንት ብቻ በብዛት ሊሠሩ ነው ተባለ። ተራው ሲቆጠር የኔታም በዚያ ሳምንት ውስጥ ወደቁ። ማስተዋል ደስታዋን ለማን ታውራው! ከዚያ ሳምንት ካለፉ ግን እንግዶቹ ዳግም መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም፤ የኔታ ዓይን ደግሞ እስከዚያ የሚቆይ ዓይን አይደለም። ሥራው ሰኞ ይጀመራል። ከመካነ ብርሃን ወደ ደባርቅ የሚያወርድ መኪና በደህና የሚገኘው ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን ነው። ስለዚህ መልእክቱ ሐሙስ መላክ አለበት ተባለ።

አሁን ነገሩ የተበላሸበት ቦታ ደረስን።

ለእንግዶቹ ሳምንት የአልጋውና የኦፕራሲዮኑ ድልድል እንደ አዲስ ይሠራ ተብሎ ስብሰባ ተቀመጡ። የአልጋው አለቃ ሲስተር ባንቺአየሁ፣ የኦፕራሲዮኑ አለቃ ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው። ሁለቱም ሽበታቸው የተከበረ፣ ጨዋነታቸው በከተማው የታወቀ፣ በአንድ በር በአንድ ጊዜ መግባት የማይችሉ ሰዎች ናቸው። ዕንባቆም ደብተሩን ይዞ «ለመሆኑ ቀዳሚው ማነው?» አለ።

«ምን ጥያቄ አለው?» አሉ ዶክተሩ። «የሲስተር አልጋ ሳይታወቅ የኔ ተራ ምን ዋጋ አለው? እሳቸው ይቅደሙ።»

«ኧረ በእግዜር!» አሉ ሲስተር ባንቺአየሁ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ዶክተር ሳይወስኑ እኔ ማን ሆኜ ነው አልጋ የምደለድለው? እሳቸው ይቅደሙ።»

ሌላ አገር ቢሆን አንዱ ተመርጦ ያልቅ ነበር። ዕንባቆም ግን የጎንደር ልጅ፣ የመሪጌታ ልጅ ነው። ትልቅ ሰው የተናገረውን ቃል ምን ብሎ ይጥላል? ዶክተሩ «እሳቸው ይቅደሙ» ብለዋል፤ የዶክተሩ ሥራ የሲስተርን እንዲጠብቅ አደረገው። ሲስተርም «እሳቸው ይቅደሙ» ብለዋል፤ የሲስተር ሥራ የዶክተሩን እንዲጠብቅ አደረገው። የሁለቱንም ቃል አክብሮ ደስ ብሎት ወጣ። ሁለቱ ሥራዎች በየራሳቸው ሰንሰለት ውስጥ ስለነበሩና ሲስተሙ የሚመረምረው አንዱን ሰንሰለት ለብቻው ስለሆነ «ኧረ ምን እያደረግህ ነው?» አላለውም።

ሐሙስ መጣ፣ ሐሙስ ሄደ። ምንም ቀይ መብራት አልበራም። ምንም ስህተት አልታየም። ሁለቱ ሥራዎች ደጃፍ ላይ ቆመው «ይግቡ» «ኧረ እርስዎ ይግቡ» እየተባባሉ አደሩ።

ዓርብ ጠዋት ማስተዋል ቢሮዋ እንደገባች ወደ መካነ ብርሃን ደወለች።

«አባባ፣ ደህና አደሩ? ተጠሩ እንዴ?»

«ኧረ አልተጠራሁም» አሉ የኔታ። ድምፃቸው እንደወትሮው ነው። «ማንም ከዚያ የደወለልኝ የለም። ተራዬ አልደረሰም ማለት ነው፤ አንቺ አትቸኩይ።»

«አባባ፣ ዝም ብለው ነገ በገበያው መኪና ቢመጡስ?»

«ሳልጠራ?» አሉ። «ምነው ልጄ፣ ነግሬሽ አልነበር?»

ስልኩን ዘግታ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሮጠች። መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ሁሉ «ምን ሆነሽ?» ቢላትም አልመለሰችም። በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

«ዕንባቆም! መልእክቱ የታል?»

«እንደምን አደሩ ሲስተር ማስተዋል።»

«አላደርኩም! መልእክቱ የታል?»

ዕንባቆም ስክሪኑን ከፍቶ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ወጣ። ፊቱ ቀስ እያለ ዐመድ መሰለ። የመልእክቱ ሥራ የመድኃኒቱን እየጠበቀ ነው። የመድኃኒቱ የኦፕራሲዮኑን እየጠበቀ ነው። የኦፕራሲዮኑ የአልጋውን እየጠበቀ ነው። የአልጋውስ? የአልጋው የኦፕራሲዮኑን እየጠበቀ ነው።

«ወይኔ» አለ። «ሁለቱም እየተጠባበቁ ነው። እኔ ነኝ እንዲህ ያሰርኳቸው።»

«በል አንዱን አስነሳው!»

«ማንን?»

«የፈለግኸውን!»

«ሲስተር፣ ዶክተሩን ባስቀድም የሲስተር ባንቺአየሁን ቃል ጣልኩ አይደል? ሲስተር ባንቺአየሁን ባስቀድም ደግሞ…» አለና ላቡን ጠረገ። «መጀመሪያ ላስፈቅዳቸው። ሳይፈቅዱ እንዴት ይሆናል?»

ማስተዋል እጅጌውን ያዘችና ጎትታ አወጣችው። ሁለቱ አለቆች የጠዋት ስብሰባ ሰዓት ስለነበር አዳራሹ ጋ ነበሩ። ስትደርስ ግን አልገቡም። በሩ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ሠራተኛው ተሰልፎ ኮሪደሩ ሞልቷል።

«ኧረ እርስዎ ይግቡ ዶክተር።»

«በፍጹም! ሲስተር ቆመው እኔ ልግባ?»

«ይግቡ እንጂ፣ ምን በወጣኝ!»

«ሞቼ እገኛለሁ!»

ማስተዋል ዕንባቆምን ወደ ፊት ገፋችው። «ንገራቸው» አለችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና…» አለ ዕንባቆም ዝቅ ብሎ እጅ እየነሳ። «አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። ካልቸኮላችሁ…»

«አልቸኮልንም» አሉ ሁለቱም።

«እኔ ቸኩያለሁ!» አለች ማስተዋል። ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አያት። ድምጿን እንዲህ ከፍ አድርጋ ሰምቷት የሚያውቅ የለም፤ እሷ የምትታወቀው በሹክሹክታ ነው። «አባቴ መካነ ብርሃን ቁጭ ብለው ስማቸው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። ሳይጠሩ አይመጡም። የነገው መኪና ካመለጣቸው ያቺ ዓይን አለቀላት። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ስንት ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እናንተ እዚህ ይግቡ አይግቡ ትባባላላችሁ!» አለች።

ሲስተር ባንቺአየሁ ነጠላቸውን ያዙ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ማን ይናገር? እነሱም እንደለመዱት ለመናገር እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዱ ሌላውን «ይናገሩ» ሊል ነው።

ያን ጊዜ ዕንባቆም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሲስተር ባንቺአየሁ» አለ። «ይግቡ።»

«እኔ?»

«እርስዎ። ቀዳሚዋ እርስዎ ነዎት። ስንት አልጋ እንዳለ ሳይታወቅ የኦፕራሲዮን ተራ አይወጣም።» ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረ። «ዶክተር፣ እርስዎ… እርስዎ ተከታይ ነዎት።»

በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ለትልቅ ሰው ተናግሮ አያውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ሲስተር ባንቺአየሁ ግን «እንግዲህ ግድ ካላችሁ» አሉና ቀጥ ብለው ገቡ፤ ከገቡ በኋላ ሲታዩ በጣም ደስ ብሏቸዋል። ይኸው ስንት ዘመን «እሳቸው ይቅደሙ» ሲሉ የኖሩት ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ ግን ትንሽ ቅር ያላቸው መሰሉ። ቢሆንም ተከትለው ገቡ፤ ሠራተኛውም ገባ።

ዕንባቆምና ማስተዋል ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሱ። እሱ አንዷን ማሰሪያ ፈታ፤ የአልጋው ሥራ ከእንግዲህ ዶክተሩን አይጠብቅም። ወዲያው ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴ ሆነ። የኦፕራሲዮኑ ተነሳ፣ አረንጓዴ ሆነ። የመድኃኒቱ ተነሳ። ማስተዋል ወንበሩ ጠርዝ ላይ ሆና ጥፍሯን ትበላለች። በመጨረሻ የመልእክቱ ሥራ ተነሳና እሱም አረንጓዴ ሆነ።

«ተላከ!» አለች። «ተመስገን! በቃ፣ አለቀ።»

«አላለቀም» አለ ዕንባቆም።

እውነትም ከሁሉ በታች አንዲት ሥራ ገና ቢጫ ናት፤ «በመጠበቅ ላይ» ትላለች። ማስተዋል ደሟ ፈላ። ዛሬስ ይሄን ሰው አንቆ መግደል እንጂ ሌላ ምን ቀረ?

«አሁን ደግሞ ምንድን ነው? ይቺ የምንድን ናት?»

«የኔ ናት» አለ እያፈረ። ስሟን በአማርኛ «ሰምተዋል» ብሎ ጽፎባታል። «መልእክቱ ሲላክ ሰውየው ሰማ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ሰው ሰምቻለሁ ካላለ፣ እኔም እዚህ በእጄ ምልክት ካላደረግሁ፣ የቀኑ ሥራ አይዘጋም።»

«ተልኳል አይደል? ያነቡታላ!»

ዕንባቆም ቀና ብሎ አያት። «ሲስተር ማስተዋል፣ ሞራ ያለበት ሰው በምን ዓይኑ ያነበዋል?»

ስንት ጊዜ ነው በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ስለዚያ መልእክት የተሰበሰቡት! ፊደሉ ይነስ ይተልቅ፣ «ውድ ታካሚ» ይባል አይባል ተብሎ ተከራክረዋል። ለዓይነ ስውር ጽሑፍ እየላኩ እንደሆነ አንዱም፣ እሷም ጭምር፣ ትዝ ብሎት አያውቅም። ጎረቤት ያነብላቸዋል ብለው ነው እንዳይባል፣ ነገሩን ጭራሽ አላሰቡትም።

እሱ ስልኩን አነሳ። ከላይ ጀምሮ በተራ ይደውላል። አንዱን ለልጁ ይነግራል፣ ስልክ የማያነሳውን በቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ በኩል ያስጠራል፤ «ሰምቻለሁ» ሲሉት ምልክት ያደርጋል። የየመንደሩን ሰው በስም ያውቃል፤ የማን ስልክ ቻርጅ እንደሌለው፣ የማን ጎረቤት ቀና እንደሆነ ያውቃል።

«ሁልጊዜ ነው እንዲህ የምትደውለው?» አለችው።

«ምሳ ሰዓት ላይ። ሰው ቤቱ የሚገኘው ያኔ ነው።»

ምሳ ሰዓት ላይ! ማስተዋል ስለ ጉርሻው የተናገረችው ትዝ አላትና ፊቷ ጋለ። ይሄን ሰው ነው እንግዲህ ስስታም ያሉት።

ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቀጣዩን ደወለ። ማስተዋል ቁጥሩን አወቀችው። ልትናገር ስትል በእጁ «ቆይ» አላት።

«ሄሎ፣ የኔታ ወልደኢየሱስ ነዎት?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«ዕንባቆም እባላለሁ፣ ከጎንደር ከዓይን ሆስፒታሉ ነው የምደውለው። ሜሴጅ ልከንልዎ ነበር።»

«አሁን አንዲት ነገር ጢጥ ስትል ሰምቻለሁ። ግን ጌታዬ፣ ማን ያነበዋል ብላችሁ ነው?»

«እሱን ብዬ ነው የደወልኩት። ተራዎ ደርሷል የኔታ። ሰኞ ጠዋት ይፈለጋሉ፤ ነገ በገበያው መኪና ይነሱ።»

«ጌታዬ» አሉ የኔታ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እዚያ እናንተ ዘንድ ልጅ አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ደውላ ስታስቸኩለኝ ነበር። እሷ ናት ያስጠራችኝ?»

ማስተዋል ወደ ስልኩ ተጠጋች። አሁን ይሄ ሰው ቢንተባተብ፣ አንዲት ቃል ቢያመነታ፣ አባቷ አይመጡም። በቃ አይመጡም። የሚያሳምናቸው ሰው ደግሞ ከምድር አይገኝም።

ዕንባቆም ግን ከሁሉ የሚቀለውን ጥያቄ የተጠየቀ ሰው መሰለ።

«አይደለችም የኔታ» አለ። «ከእርስዎ በፊት የተመዘገቡት ሁሉ ተጠርተዋል። ከፊትዎ ያሉት ሰው የቆላ ድባ ሰው ናቸው፤ አሁን እሳቸውን አናግሬ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት። ከኋላዎ ያሉት ደግሞ ገና አልተጠሩም፣ እርስዎን ይጠብቃሉ። አንዴ ከተመዘገበ ወዲያ እዚህ ሰው ሰውን መዝለል አይችልም። እንኳን ልጅዎ፣ እኔ ራሴ ብፈልግ አልችልም፤ እንዳልችል አድርጌ ነው የሠራሁት።»

«በእውነት?»

«በእውነት።»

«እንግዲያስ እመጣለሁ» አሉ የኔታ ወልደኢየሱስ። «እግዜር ይስጥልኝ። ሰምቻለሁ።»

ዕንባቆም ምልክት አደረገ። ማስተዋል ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች። እሱ አባብሎ አያውቅም፤ ምን እንደሚባል ግራ ገባው። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እሷን አየና በመጨረሻ፣ «ልቀጥል ወይስ እስኪጨርሱ ልጠብቅ?» አላት። ማስተዋል በዕንባዋ መሃል ሳቀችና «ቀጥል፣ ሰው ይጠብቅሃል» አለችው። ምሳ አልወጣችም። ከጎኑ ተቀምጣ ስልክ ቁጥር ስታነብለት ዋለች።

የኔታ ቅዳሜ በገበያው መኪና ተነሱ፣ እሑድ ማምሻውን ጎንደር ገቡ። ሰኞ ስማቸው ከሰው ጋር በተራው ተጠርቶ ገቡ፣ ተሠሩ። ማክሰኞ ጠዋት ፋሻውን ሊፈቱላቸው ዶክተር ኃይለ ጊዮርጊስ ራሳቸው መጡ። ማስተዋል አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ የአባቷን እጅ ይዛለች። ነርስ መሆኗን ረስታዋለች፤ ልጅ ብቻ ሆናለች።

ፋሻው ተነሳ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ። ከዚያ የራሳቸውን እጅ አገላብጠው አዩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩና ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ምነው፣ ሸበትሽ እንዴ?» አሏት።

«ሳያዩኝ ነው የሸበትኩት አባባ» አለች ዕንባዋ እየወረደ።

«የጠሩኝ ሰውዬስ?» አሉ ዕንባዋን በመዳፋቸው እየጠረጉ። «እዚህ ይሆኑ? ሳላያቸው አልሄድም።»

ዕንባቆም በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ሰው ጠራውና እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ። የኔታ ከእግሩ እስከ ራሱ ተመለከቱት።

«አንተ ነህ?» አሉ። «ልጅ ነህ እንዴ! እኔ እኮ በአነጋገርህ የደብር አለቃ መስለኸኝ፣ ከመደቤ ተነስቼ ቆሜ ነው ያናገርኩህ!»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ዶክተሩ ሳቁ፣ አጎራባች አልጋ ላይ ያሉት ሳቁ። ዕንባቆም ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ይቅርታ የኔታ» አለ። «ሳላውቅ አስቆምኩዎ።»

«አሁን ደግሞ እያወቅህ ስቆም ታየኛለህ» አሉ የኔታ። ብርድ ልብሱን ገለጡና እግራቸውን ወደ መሬት አወረዱ።

«ኧረ አይሆንም!» አለ ዕንባቆም ደንግጦ። «ቁስሉ ሳይደርቅ መነሳት የለም! ሲስተር ማስተዋል፣ ያስተኟቸው እንጂ!»

ማስተዋል ብድግ አለች። ግን ልታስተኛቸው አልነበረም፤ ትከሻዋን ሰጠቻቸው። የኔታ ወልደኢየሱስ ልጃቸውን ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙለት፤ እሷም አብራቸው ቆመችለት።